እውነት ወይስ ተረት? «ኮፊ ቢን» ማለት «ከፋ ቡና» ነው?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ጀበና ያልተጣደበት መንገድ ማግኘት ይቸግራል። አጠና ተራ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ የትም ብትሄዱ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ላይ ሲኒ ተደርድሮ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አታጡም። ቡና ባለበት ጨዋታ አለ። ጨዋታው ስለ ቡና የሆነ እንደሆነ ደግሞ አንዱ ተነስቶ የሚላት ነገር አለች፦ «ፈረንጆቹ ‹ኮፊ ቢን› የሚሉት እኮ ከእኛ ወስደው ነው። ‹ኮፊ› ከፋ ነው፤ ‹ቢን› ደግሞ ቡና። ‹ከፋ ቡና› ማለት አቅቷቸው ነው ‹ኮፊ ቢን› ያሉት።» ተናጋሪው ይረካል፣ ሰሚውም ራሱን ይነቀንቃል። እናንተም ሰምታችኋል። ለልጆቻችሁ የነገራችሁም ትኖራላችሁ።

ነገሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። ሁለቱም ቃላት ልክ በልክ የሚገጥሙ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። «ቢን» ከቡና ጋር ምንም ዝምድና የለውም። «ኮፊ» ደግሞ፣ ከከፋ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ባይኖርም፣ የቅርብ ዘመዱ እዚሁ ኮልፌ፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ጎረቤት ቤት በየቀኑ ይነገራል። በቀላሉ ከሚፈታው እንጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቢን ማለት ቡና ነው» ይባላል። ቢን ግን እንግሊዞች ቡና የሚባል ነገር በዓይናቸው ከማየታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አፋቸው ላይ የነበረ ቃል ነው። ከ1000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ «ቤአን» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው። ያ ጥንታዊ «ቤአን» የሚለው ምን ነበር? ባቄላ። ዛሬ ቢን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቦሎቄ እንኳ ያኔ አውሮፓ ውስጥ አልነበረም፤ የቦሎቄ አገሩ አሜሪካ ነው፣ ባሕሩን የተሻገረውም ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። የሰሜን አውሮፓ ገበሬ የሚያውቀው እኛ በእሸቱ የምንጠረጥረውን፣ ቆሎ የምናደርገውን፣ ክክ አድርገን የምንሠራውን ባቄላ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በሰሜን ባሕር ላይ ያለች አንዲትን ደሴት ሲጠቅስ፣ ሮማውያን «ፋባሪያ» እንደሚሏት ጽፏል። ምክንያቱም ባቄላ መሰል ተክል ማንም ሳይዘራው ይበቅልባት ነበር፤ በላቲን ባቄላ «ፋባ» ነውና። ጀርመናዊ ነገዶች በሚኖሩበት በዚያ አገር ባቄላው የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ቃሉን ይዞ የሚኖረው እንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምናልባት ከሩቅ የገባ ይሆናል» ብለን በተጠራጠርን። ግን ወንድም እኅቶቹ ሁሉ ይዘውታል። ጀርመንኛ «ቦነ»፣ ሆላንድኛ «ቦን»፣ ስዊድንኛ «በና»፣ የጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «ባውን» ይላሉ። እነዚህ ቋንቋዎች ከአንድ እናት የወጡ ስለሆኑ ምሁራን ወደ ኋላ ተጉዘው የእናታቸውን ቃል «ባውኖ» ብለው መልሰው አቁመውታል። ስዊድኑ «በና» ሲል የሰማ ሐበሻ ልቡ መምታቱ አይቀርም። ግን የቋንቋ ዝምድና የሚለካው በአንድ ቃል መመሳሰል አይደለም፤ ብዙ ቃላት በአንድ ሥርዓት እየተለዋወጡ ሲገኙ ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሳይማረው ያውቀዋል። እኛ «ሰው» የምንለውን የሰባት ቤት ጉራጌ ጎረቤቱ «ሰብ» ይለዋል፣ የትግራዩም «ሰብ» ይለዋል፣ በግዕዝ «ሰብእ» ነው። አንዱ ከሌላው የሰረቀው ቃል አይደለም፤ ሁሉም ከጥንት የወረሱት ነው። በእነ እንግሊዝኛ ቤትም እንዲሁ ነው። «ዳቦ» የሚለውን ቃል ውሰዱ፦ እንግሊዝኛ «ብሬድ»፣ ጀርመንኛ «ብሮት»፣ ሆላንድኛ «ብሮድ»፣ የጥንቱ ኖርስ «ብራውድ»። «ምሥራቅ»ን ደግሞ ውሰዱ፦ «ኢስት»፣ «ኦስት»፣ «ኦስት»፣ «አውስትር»። አሁን ባቄላውን ከጎናቸው አቁሙት፦ «ቢን»፣ «ቦነ»፣ «ቦን»፣ «ባውን»። ጀርመንና ሆላንድ «ኦ» በሚሉበት የጥንቱ ኖርስ «አው» ይላል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ባቄላው ከዳቦውና ከምሥራቁ ጋር እኩል ይሰለፋል። በ1600ዎቹ ከመርከብ የወረደ የውጭ ቃል እንዲህ ሊሰለፍ አይችልም፤ ድምፆቹ የተለያዩት ያ መርከብ ሳይሠራ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነውና። ቡና በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

«ታዲያ እንዲህ አድርጎ መመሳሰል በአጋጣሚ ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ይሆናል፤ ከምንገምተው በላይ ይሆናል። በፋርስ ቋንቋ «ባድ» ማለት መጥፎ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው። ሁለቱ ቃላት ግን የየራሳቸው የዘር ሐረግ አላቸው፣ አይገናኙም። ምባባራም በሚባለው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባላል። እንግሊዞች አላስተማሯቸውም፤ የቋንቋ ሊቃውንት ተከታትለው ከራሳቸው ከነባሮቹ የቆየ ቃል የወጣ መሆኑን አረጋግጠዋል። የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ውሱን ነው፣ ቋንቋው በሺህ የሚቆጠር ነው፤ አንዳንዱ ቃል መጋጨቱ አይቀርም። «ቡና» እና «ቢን» የሚጋሩት ደግሞ ሁለት ተነባቢዎች ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው አስታውሳለሁ። ሌዎንሃርት ራውቮልፍ የሚባል የአውግስቡርግ ሐኪም በ1573 ሶርያ፣ ሐለብ ከተማ ገብቶ ሰዎች ጥቁር ትኩስ መጠጥ ሲጠጡ አየ፣ በ1582 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው። በአውሮፓ ስለ ቡና ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ነው። መጠጡን «ኻውበ» ብሎ ጠራው፤ ፍሬውን ደግሞ «ቡኑ»። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ጀርመናዊ ነው፣ በእናቱ ቋንቋ ባቄላን «ቦነ» እያለ ያደገ። «ቡኑ» የሚለውን ቃል በጆሮው ሰማ፣ በእጁ ጻፈ። ፍሬውን ለአገሩ ሰዎች ሲያስረዳ ግን ከባቄላ ጋር አላመሳሰለውም፤ ሎሬል ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ጋር ነው ያመሳሰለው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው ሳይዛመዱ ቀሩ። እንግሊዞቹም መጀመሪያ «ቢን» አላሉትም፤ «ቤሪ» ነበር የሚሉት። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን በ1627 በወጣው መጽሐፉ ስለ ቱርኮች መጠጥ ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ስሙ ከእኛ «ቡና» ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን «ቢን» ይባል ነበር እንጂ ቆይቶ ባልመጣ።

በኋላ «ቢን» የተባለው በመልኩ ነው። እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ገለባው ሲወልቅ የሚቀረው ፍሬ ግማሽ ባቄላ ይመስላል፦ አንድ ጎኑ ክብ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ። እኛ ዛፉንም፣ እሸቱንም፣ ጀንፈሉንም፣ የተቆላውንም፣ ሲኒ ውስጥ ያለውንም በአንድ ቃል ቡና ብለን ስለምንጨርስ «ኮፊ» ብሎ «ቢን» መጨመር ትርፍ ይመስለናል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቃል ሌላ ምሥጢር ሊኖረው ይገባል ብለን እንጠረጥራለን። ለእነሱ ግን «ቢን» ባቄላ የመሰለ ፍሬ ሁሉ ነው። ቸኮሌት የሚሠራበትን ካካኦ «ካካኦ ቢን» ይሉታል፤ ካካኦ የአሜሪካ ተክል ነው፣ ከከፋም ከጅማም አልሄደም። ጉሎንም «ካስተር ቢን» ይሉታል። ጀርመኖች ከገብስና ከተክል ሥር የሚሠራ ምትክ ቡና ስለነበራቸው እውነተኛውን ለመለየት «ቦነንካፌ» ይሉታል፤ «ከፍሬው የተሠራ ቡና» ለማለት ነው። በነገራችን ላይ የእኛ «ባቄላ» ራሱ ከዓረብኛው «ባቂላ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ቃል የማይጓዝበት አገር የለም፤ የሚጓዘው ግን በሚታይ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። «ኮፊ ከከፋ ነው» ይባላል። ይህንን ከእኛ በላይ ራሳቸው ፈረንጆቹ በመጻሕፍታቸው ሲደጋግሙት ኖረዋል፤ ስለዚህ ተራ የመንገድ ወሬ አይደለም። ዝርዝሩ ሲታይ ግን መንገዱ ከከፋ አይነሳም። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» እና የሆላንድኛው «ኮፊ» ከቱርክኛው «ካህቬ» የመጡ ናቸው፣ የጣሊያኑም «ካፌ» እንዲሁ። «ካህቬ» ደግሞ የዓረብኛው «ቀህዋ» ነው። እዚህ ላይ ጉሮሮና ከንፈርን በደንብ አዳምጡ። ዓረብኛው «ቀህዋ» ውስጥ «ፈ» የለም፤ «ወ» ነው ያለው። ቱርኮች «ወ»ን ወደ «ቨ» ወሰዱት። አውሮፓውያን ደግሞ «ህ»ን ውጠው «ቨ»ን ወደ «ፈ» አጠነከሩት። «ኮፊ»ን ከ«ከፋ» ጋር የሚያመሳስለው ያ «ፈ» ከኢትዮጵያ የሄደ ሳይሆን ከኢስታንቡል ወዲያ የተወለደ ድምፅ ነው። ዓረብኛ ደግሞ «ፈ» አያጣም፤ ከፋን ከፋ ብሎ መጥራት አይቸግረውም። ዓረቦች የአገሩን ስም ለመጠጡ ወስደው ቢሆን ኖሮ «ፈ»ውን ጥለው «ህ»ና «ወ» የሚያስገቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

አሁን ከዚህ ሁሉ የሚጥመውን ልንገራችሁ። ኮልፌ ውስጥ የጉራጌ ወይም የስልጤ ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ቤታቸው ገብታችሁ ቡና ሲፈላ በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት አዳምጡ፦ «ቃዋ» ነው የሚሉት። ቅቤ ጠብ ሊደረግበት፣ ጨው ሊጨመርበት ይችላል፣ ስሙ ግን ቃዋ ነው። ሐረሪዎችም መጠጡን «ቃህዋ» ይሉታል። ይህ ያው የዓረቡ «ቀህዋ» ነው፣ ያውም «ወ»ውን እንደ ያዘ። አንዱ ቃል በሰሜን በኩል በቱርክና በጣሊያን አድርጎ ለንደን ሲገባ «ኮፊ» ሆነ፤ በእስልምናና በንግድ መስመር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ «ቃዋ» ሆነ። «ኮፊ» ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ አለው ለሚል ሰው መልሱ «አዎ፣ አለው» ነው። አጠና ተራ ላይ ቃዋ የምታፈላው እናት በየቀኑ ትጠራዋለች።

ከፋዎች ራሳቸውስ ምን ይላሉ? ይህ ጥያቄ በቡና ጨዋታ ላይ ሲነሳ ብዙም አይሰማም፣ ሊነሳ ግን ይገባዋል። በከፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ነው። ኦሮምኛ «ቡና»፣ ትግርኛ «ቡን»፣ ሶማልኛም «ቡን»። ወላይታ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ «ቱኬ» ይለዋል። «ከፋ» የሕዝቡና የአገሩ ስም ነው፤ በቋንቋው ቡና ማለት ሆኖ አያውቅም። አንድ ሕዝብ በራሱ ስም የማይጠራውን ነገር ሌላው በዚያ ሕዝብ ስም ሊጠራው ይችላል፣ አይቻልም አልልም። ግን በዚያን ጊዜ ከከፋ የመጣ ቡና በየመን ገበያ «ከፋ» ተብሎ ይሸጥ ነበር የሚል የዘመኑ ጽሑፍ አልተገኘም። አውሮፓውያንም በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም ነበር፤ ፈረንሳዊው መንገደኛ አንትዋን ዳባዲ ከፋ የገባው በ1843 ነው፣ ያኔ «ኮፊ» በእንግሊዝኛ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

«እሺ፣ ‹ቀህዋ› ራሱ ከከፋ የመጣ ቢሆንስ?» የሚል ብልህ ተከራካሪ አጋጥሞኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ችግሩ «ቀህዋ» ቡና ከመታወቁ በፊት ዓረብኛ ውስጥ የነበረ ቃል መሆኑ ነው። በድሮ የዓረብ ግጥም የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ መጠጥ ብለው ይፈቱታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር እንዲነቁ የሚያፈሉትን መጠጥ በዚሁ ስም ጠሩት። ያ መጠጥ ሁልጊዜ ከፍሬው የተፈላ አልነበረም፤ ዛሬም የመኖች «ቂሽር» እንደሚሉት ከገለባው የተፈላውም ቀህዋ ይባል ነበር። በ1511 በመካ የመጠጡ ጉዳይ ክርክር አስነስቶ ሲታገድ ቃሉ በከተማው የታወቀ ነበር። አሮጌ ስም አዲስ ነገር ላይ አረፈ፤ ይኸው ነው ታሪኩ።

ታዲያ ከእኛ የሄደ ቃል የለም? አለ፣ ወይም ሊኖር የሚችለው «ቡን» ነው። ዓረቦች ሁለት ቃል አላቸው፦ መጠጡ «ቀህዋ»፣ ፍሬው «ቡን»። ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ጀምሮ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ የእኛ ቋንቋዎች «ቡኖ»፣ «ቡና»፣ «ቡን» እያሉ ሲቀባበሉት ስናይ፣ ዓረብኛው ፍሬውን ከነስሙ ከዚህ ተሻግሮ ተቀብሏል ብለው የሚያምኑ ምሁራን አሉ፤ የለም ቃሉ ከዓረብ ወደ እኛ ነው የመጣው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ዛፉ የበቀለበት አገር ሰው ለዛፉ ስም ሳያወጣ ኖረ ማለት አይዋጥልኝም። ሐኪሙ ራውቮልፍ በ1582 «ቡኑ» ብሎ ሲጽፍ፣ ጣሊያናዊው ፕሮስፔሮ አልፒኒ በ1592 ስለ ግብፅ ተክሎች ባሳተመው መጽሐፍ «ቦን» ብሎ ሲጽፍ፣ ስማችን ወይም የስማችን ዘመድ አውሮፓ ገብቶ ነበር። አልጸደቀም እንጂ ገብቶ ነበር። የመንገዱ ተረት ከእውነት ጋር የሚነካካው እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ቢቀር ኖሮ ማንም አይነቅፈውም።

ተረቱ ለምን አይሞትም? የሰዉ አለማወቅ ነው ማለት ቀላል ነው፣ እኔ ግን አላምንበትም። ሥሩ ቁጭት ነው። ቡና ከእኛ ጫካ ወጥቶ በዓለም ሲዞር በመንገዱ ሁሉ የሌላ ሰው ስም ሲለጠፍበት ኖሯል። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ኮፊያ አራቢካ» አለው፤ የዓረብ ቡና ማለት ነው። በየካፌው የምናዝዘው «ሞካ» የየመን ወደብ ስም ነው። ሰው የራሱ ዕቃ ላይ የሰው ስም ተጽፎ ሲያይ ፍቆ የራሱን ማግኘት ይሻል። «ኮፊ» ሲባል ከፋን፣ «ቢን» ሲባል ቡናን ማየት ያ ፍለጋ ነው። ፍለጋው ሕመም ያለበት ስለሆነ ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ጠያቂውም አገሩን የማይወድ ይመስላል።

ደግሞም ስም የእውነት ገንዘብ የሆነበት ጊዜ አለ። መንግሥት ከ2005 ጀምሮ «ሲዳሞ»፣ «ሐረር»ና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲንቀሳቀስ ከትልቁ የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ውዝግብ ውስጥ ገባ፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ያ ክርክር በየቤቱ ተወርቷል። ሰዉም ስለ ቡና ስም መከራከር የገበሬውን ጥቅም መከላከል መሆኑን ተማረ፣ ትክክልም ነው። ግን ያ ጉዳይ የተያዘው በሰነድ ነበር፦ የቦታው ስም፣ ቡናው የሚበቅልበት ወረዳ፣ ዓለም የሚያውቀው ጣዕም። በመንገድ ላይ ወሬ ቢያዝ ኖሮ አንድ ቀን አይቆምም ነበር።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ቃል መፍታት መውደዳችን ነው። ቅኔ የለመደ ሕዝብ ነን፤ ቃል ሲሰነጠቅ ደስ ይለናል፣ ሰምና ወርቅ መፈለግ ከልጅነታችን ያለ ነው። የከተማ ስም፣ የሰፈር ስም፣ የወንዝ ስም፣ ሁሉም «እንዲህ ብለው ነው» የሚል ታሪክ አለው። ቅኔ ግን ድምፅ ከድምፅ ስለገጠመ ብቻ ሊቆም ይችላል። የቃል ታሪክ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፦ ማን ተሸከመው፣ መቼ፣ በየት በኩል፣ በመንገድ ላይስ ምን ብሎ ተጻፈ?

ለዚህ ምሳሌ ለማምጣት ከክፍለ ከተማችን ስም መራቅ አያስፈልገንም። «ቀራንዮ» ከወንጌል የመጣ ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ፣ በአራማይክ ጎልጎታ የሚባለው። ቃሉ ግሪክ ነው፣ «ክራኒዮን»፣ የራስ ቅል ማለት። ወንጌል ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጎም ቃሉ አብሮ ተሻገረ፣ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ገባ፣ በቤተ ክርስቲያን አድርጎ የሰፈር ስም ሆነ። እንግሊዝኛም ያንኑ የግሪክ ቃል በላቲን በኩል ወስዶ የራስ ቅልን «ክሬኒየም» ይላል፤ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ የራስ ራጅ ብትነሱ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ተሸካሚው ይታወቃል፣ መጽሐፉ በእጃችን ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ይታያል። የአውሮፓና የእኛ ቃል በእውነት ሲዛመድ እንዲህ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው መርካቶም ከጣሊያንኛ መምጣቱን የሚጠራጠር የለም፤ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንዳመጣው ይታወቃልና።

«ይህ ከሆነ ቡና የእኛ ነው ማለትም ሊቀር ነው?» የሚል ስጋት እሰማለሁ። በፍጹም አይቀርም። የአራቢካ ቡና ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን፣ ዱር በቀሉም ከሁሉ በላይ በልዩ ልዩ ዓይነቱ ሞልቶ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች መሆኑን የዘረመል ጥናት አረጋግጧል። የየመን ቡና ከዚህ ከሄደ ጥቂት ዘር የተራባ ነው። ዓለም የተከለው አራቢካ በአብዛኛው ከዚያ ከጥቂቱ የወጣ ስለሆነ የዘሩ ስብጥር ጠባብ ነው፤ በሽታ ሲመጣ፣ ሙቀት ሲጨምር የሚያድነውን ዘር ሳይንቲስቶች የሚፈልጉት እኛ ጫካ ውስጥ ነው። የከፋ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ጅማና ወደ ቦንጋ የሚሄደው መንገድ በአየር ጤና አልፎ፣ በካራ ቆሬ ወጥቶ ነው የሚቀጥለው፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ዛፉ ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከፋ ለቡና ያበረከተችው ዛፉን ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ቃል መመሳሰል የሚጸና፣ ባለመመሳሰሉም የሚፈርስ ነገር አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። አንድ የውጭ ሰው ወይም ትምህርት የገፋ ልጅ «ቢን ከቡና ነው» የሚለውን መዝገበ ቃላት ከፍቶ በደቂቃ ሲያፈርሰው፣ አብራችሁ የተናገራችሁት እውነት፣ የጫካው፣ የዛፉ፣ የዘሩ ታሪክ፣ አብሮ ይጠረጠራል። ጠንካራውን ማስረጃ ከደካማው ጋር ባንድ ገመድ ማሰር ጠንካራውን ያዋርዳል። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራንን በተለይ እለምናለሁ፦ ልጆቹ ይህን ጨዋታ ሰምተው ይመጣሉና ስትመልሱላቸው «ተሳስታችኋል» ብላችሁ አትለፏቸው። ክፍላችሁ ውስጥ የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የኦሮሞ፣ የወላይታ፣ የትግራይ ልጅ አለ። እያንዳንዱ አያቱን ቡና በቋንቋዋ ምን እንደሚባል፣ ዛፉን፣ እሸቱን፣ ገለባውን፣ የመጀመሪያውን ሲኒ ምን እንደምትል ጠይቆ ጽፎ ይምጣ። ቃዋ፣ ቡኖ፣ ቡን፣ ቱኬ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። አያቶቹ በሕይወት እያሉ ጠይቁ።